ሳያሳዩ መተርተር

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን ታላቅ እህቴ የዘማሪዎቹን ቀሚስ አንድ እጅጌውን ሳትገጥም ተወችው። ከዚያ በኋላ ወደ ስፌት መኪናዋ አልተመለሰችም። የጉባኤያችን ሰብሳቢ በቀብሯ ላይ ቆሞ «የጌታን ቅጣት በደስታ ተቀብላ አረፈች» አለ። ውሸት ነው። በሳምንቱ ደግሞ ሰው ልኮ ያስጠየቀው ስለ እጅጌው ነው።

እትዬ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ልብስ ትሰፋ ነበር። ከእሷ ሙያ የምትማር ልጅ ነበረች፤ ልጅቷ ስታበላሽ፣ እትዬ ጥፋቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርግና አጠገቧ አስቀምጣ እሷኑ ታስተረትራታለች። «ሳያሳዩ መተርተር ጨርቅ ማበላሸት ነው» ትል ነበር።

ያደረባት ሕመም አጥንቷ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ እንደማትድን ነገራትና እንቅልፍ እንኳ እንድታገኝ ማስታገሻ ክኒን አዘዘላት። ይሄኔ ሰብሳቢው መጣ። ሴራሚክ ነጋዴ ነው፤ ስለ መከራ ሲያወራ ቀምሶት የማያውቀውን ምግብ ጨው አነሰው እንደሚል ሰው ነው።

«አባት የሚቀጣው የሚወደውን ልጅ ነው» አላት። «ክኒኑ ከበትሩ መሸሻ ነው። ጥፋትሽን እስክታገኚው ታገሺ።»

አመነችው። ክኒኑን መጸዳጃ ቤት ደፋችውና ጥፋቷን ፍለጋ ገባች። ትራስ ነክሳ እያቃሰተች፣ ለደንበኛ ሳትመልሰው የቀረችውን ቁራጭ ጨርቅ፣ እናታችንን አንድ ቀን መቆጣቷን ታነሳና «ይሄ ይሆን እንዴ?» ትለኛለች። በቁራጭ ጨርቅ የልጁን አጥንት የሚፈጭ አባት ቢኖር ጎረቤት ተሰብስቦ ያስጥላል እንጂ አይዘምርለትም።

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን ተማሪዋ የዘማሪዎቹን ቀሚስ የቀኝ እጅጌ በግራ በኩል ገጠመችው። እትዬ ነጥቃት፣ ቃል ሳትተነፍስ፣ በምላጭ ጨርቁን እየሸረከተች ተረተረችው።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

እትዬ የቀረውን ክር መምዘዟን ቀጠለች።

«ኸረ ይንገሩኝ! ካልነገሩኝ ነገም ያንኑ ነው የምደግመው።»

እትዬ ምላጩን አስቀመጠች። «ወይ ጉድ» አለች ቀስ ብላ።

ሰብሳቢው ቀሚሶቹ መድረሳቸውን ሊጠይቅ የገባው በዚህ መሃል ነው። ወንበር ሳይጋበዝ ሳበ።

«ጋሼ፣ እንኳን መጡ» አለችው። «ሕመሙ አናቴ ላይ ቢወጣ ጥፋቷን ሳላሳያት ተረተርኩባት። ይሄ ማስተማር ነው?»

«እሱማ…»

«ብስጭት ነው። አምላኬ እንደኔ ብስጩ አይደለም። ሊያስተምረኝ ቢሻ ይነግረኝ ነበር።»

«የጌታ መንገድ አይመረመርም፣ እህቴ።»

«ታዲያ እርስዎ እንዴት መረመሩት? ደግሞስ ጥርስዎን ያመመዎት ጊዜ መቼ ታገሡ? ጉንጭዎን ደግፈው ወደ ሐኪም ሲሮጡ በዚህ መስኮት አይቼዎታለሁ።»

ተማሪዋ ሳቋን በእጅጌው አፈነችው። ሰብሳቢው ተነሳ፤ ሕመሙ ልቦናዋን እንዳናወጠው፣ እንደሚጸልይላትም ተናገረ። በሩ ላይ ግን ዞር ብሎ «ለእሁድ ይደርሳል?» አለ። እንዲህ ያለ የነፍስ እረኛ ነው የሰጡን።

እትዬ ተማሪዋን አጠገቧ አስቀመጠቻት። በእጅጌው ፊትና ጀርባ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። «ይቅር በይኝ። አየሽ፣ ይሄ ሰፋ ያለው ወደ ኋላ ነው የሚዞረው። እኔ ስመለስ እንገጥመዋለን።»

ሻርፗን ደርባ ለድጋሚ የተጻፈላትን የሐኪሙን ማዘዣ ያዘች። ክንዴን ብሰጣት «ገና አልሞትኩም» ብላ ገፋችኝ። ግድግዳውን እየተደገፈች እስከ ማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ሄደች፤ ተከተልኳት።

«ለማን ነው?» አለ ባለመድኃኒቱ።

«ለእኔ።»

ውሃ አስቀድታ እዚያው ባንኮኒው አጠገብ ዋጠችው። ብርጭቆውን መለሰች፣ አመሰገነች፣ የቀረውን ክኒን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ትንሽ ልትተኛ በእግሯ ወደ ቤት ተመለሰች።