ጋሽ ጆሮ እና የድምፁ ቁልፍ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጨመቅ ምን ጠብ ይላል? አናጢ ከሞተ በኋላ ወንበሩ ላይ ሰው ይቀመጣል። ግንበኛ ቢያልፍ ግድግዳው ጥላ ይጥላል። መምህር እንኳ ሌላ ቢያጣ የሚያሙትን ተማሪዎች ትቶ ይሄዳል። የድምፅ ሰው ግን ምን ያስቀራል? ሥራው ሲወለድ ወዲያው ይሞታል፤ ዘፈኑ ካለቀና ወንበሩ ከተደራረበ በኋላ "ይኼ የእኔ ነው" ብሎ የሚያሳየው ነገር የለውም። ጋሽ ጆሮ በስተርጅናው ይህን ጥያቄ ማመንዠግ ጀመረ፤ መልሱንም አገኘው። ባያገኘው ይሻለው ነበር። የእሱ ሥራ ቀርቶ የተገኘው በሰው ጆሮ ውስጥ ነው፤ ጭው የሚል፣ በትራስ ቢያፍኑት የማይታፈን ነገር ሆኖ።

ስሙ የወጣለት በጉብዝናው ዘመን ነው። የአዳራሹ ድምፅ አስተካካይ ነበር። ሠርግ፣ ምረቃ፣ የባንድ ዝግጅት፣ ሁሉም በእሱ እጅ ያልፋል። አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ ከአዳራሹ ማዶ ቁጭ ብሎ ዳቦውን እያኘከ፣ ከጊታሩ ክሮች አንዷ መላላቷን ነገራቸው። ከበሮ መቺው ዱላውን አስቀመጠና "ይኼ ሰውዬ ሰው አይደለም፤ ጆሮ ነው" አለ። በዚያው ቀረ። ሰውዬው ስሙን የጠላ ለመምሰል ብዙ ደከመ፤ ቤቱ ሲገባ ግን ኮቱን ሳያወልቅ ለሚስቱ ነገራት፤ ራት ላይ ደግሞ የረሳች መስሎት እንደገና ነገራት።

የጆሮ አላለቅ እንደ ሳሙና ነው፤ ሲያልቅ አይታይም። አንድ ቀን መዳፍህ ላይ ስስ ቅርፊት ታገኛለህ። ጋሽ ጆሮ ግን ቅርፊቷን እያየ "ሳሙና ሠሪዎቹ ሰነፉ" የሚል ዓይነት ሰው ነበር። ሰዉ ሁሉ አፉ ውስጥ ያወራል ብሎ አማረረ። ዘፋኞቹ ትንፋሽ አጠራቸው አለ። አዲሶቹ ስፒከሮች እንደ ድሮዎቹ አይደሉም አለ።

"ኧረ ቀንሰው፤ ጎረቤት ዜና የሚሰማው ከእኛ ቴሌቪዥን ሆኗል" ትለዋለች ሚስቱ።

"ምን ላድርግ፣ ዘንድሮ ዜና አንባቢዎቹም ይንሾካሾካሉ።"

"እውነትህን ነው። እኔም ለአንተ ብዬ እስከ መንገድ የሚሰማ ሹክሹክታ ተምሬያለሁ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የጋሽ ጆሮ ጆሮ ባዳ ብቻ ሳይሆን አገር ጥሎ የሄደ ነበር፤ ባለቤቱ ግን አሁንም በስሙ ይጠራበታል። ሥራውን የሚለካበት ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። ጆሮው ሲደክም የድምፁን ቁልፍ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቁልፉ ሲወጣ ጆሮው ይደክማል። ሁለቱ እንደ ክፉ ባልንጀሮች እየተገፋፉ ዓመታቱን ወጡ። ከታች አስተናጋጆቹ በጣት መነጋገር ለመዱ፤ በስፒከሩ ፊት ሲያልፉ ዝናብ እንደሚመታው ሰው ትከሻቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። እሱ ከመድረኩ ጥግ ሆኖ ሲያያቸው "እነዚህ ልጆች ሙዚቃው ገብቷቸዋል" ይል ነበር።

ልጁ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ፣ ባለ አዳራሹን ለምኖ አስተናጋጅ አደረጋት። የተሰጧት ጠረጴዛዎች ከግራው ስፒከር ሥር ነበሩ። አባት ደስ አለው፤ ከዓይኑ አትርቅም። ትንሽ ቆይታ ልጅቷ ቤት ስትገባ ማውራት ትታ ግድግዳ ማየት አበዛች።

"ምን ሆነሻል?" አላት።

"ጭንቅላቴ ውስጥ ጀበና የተጣደ ይመስለኛል፣ አባባ። ይፈላል፤ የሚያወርደው የለም።"

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዟት ሄደ። ሐኪሟ ልጅቷን ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስገብታ መረመረቻትና፣ "አባትም ይግቡ እስቲ" አለች። ጋሽ ጆሮ ተኮፍሶ ገባ። በሙያው ሊፈተን ነዋ። የጆሮ ማዳመጫውን አገላብጦ አይቶ "ደህና ዕቃ ነው" ብሎ መሰከረለት። ድምፅ በሰማ ቁጥር በእጁ የተሰጠውን ቁልፍ እንዲጫን ተነገረው። እጁን በተጠንቀቅ አድርጎ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ መጨረሻ ላይ በሩን ከፈተና አንገቱን አወጣ።

"ዶክተር፣ መቼ ነው የሚጀመረው?"

"ጨርሰናል፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ድምፁ አንሷል። ማስተካከያው የት ጋ ነው? ልርዳዎት፤ ሥራዬ ነው።"

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከመሃል ተቆረጠ።

ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፋ አስረዳቻቸው። ጆሮ ውስጥ ከሣር የቀጠኑ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ከባድ ድምፅ ይረግጣቸዋል። ካረፉ ይነሣሉ፤ ሳያርፉ በላይ በላዩ ከተረገጡ ይደርቃሉ። የደረቀውን የሚያበቅል መድኃኒት የለም።

"የልጅዎ ሣር ተኝቷል እንጂ ገና አልደረቀም። ከዚህ በላይ እንዳይረገጥ።"

"የእኔስ?"

"የእርስዎ ሜዳ ሆኗል።"

ምክሯ አጭር ነበር። ድምፁ ይቀነስ፤ ስፒከሮቹ ሠራተኛ ከሚቆምበት ይዙሩ፤ ሠራተኞቹ በየተራ እየወጡ ጸጥታ ውስጥ ይረፉ፤ ሥራ ላይ ደግሞ የጆሮ ውታፍ ያድርጉ።

ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው። ጋሽ ጆሮ በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ሰባኪ ሆነ። ከፋርማሲ የገዛውን ለስላሳ ውታፍ በመዳፉ ይዞ አስተናጋጆቹን አንድ በአንድ እያስቆመ ስለ ሣሩ ነገራቸው። "ሌባ ሳጥን ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔን እዩ" እያለ ራሱን አስቀደመ። ልጆቹም ሳቁና ውታፉን አደረጉ። ከምክሩ ሁሉ የቀለለው ይህ ስለሆነ ከዚህ ጀመረ፤ ድምፁን መቀነሱ "ቀስ ብሎ ይደርሳል" ተብሎ ተቀመጠ።

ባለ አዳራሹ ግን ይህን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። "እንግዳ ውሃ ሲላት የማትሰማ አስተናጋጅ ምን ታደርግልኛለች? ጆሮዋን መድፈን የፈለገች ቤቷ ትድፈን።" ልጆቹ ውታፋቸውን አወጡ። ጋሽ ጆሮ ብቻ አላወጣም፤ ከድምፅ ማስተካከያው፣ ከሚክሰሩ ኋላ ማን ያየዋል? አንድ ሰው እንኳ አርአያ መሆን አለበት ብሎ አሰበ። አርአያነቱን የሚያይ ሰው አለመኖሩ አልታሰበውም።

የመጀመሪያው ሠርግ ከሰዓት በኋላ መጣ። አዳራሹ ሞላ፤ ባንዱ ጀመረ። ጋሽ ጆሮ ውታፉን አጥብቆ ቆሟል። ዘፈኑ ከሩቅ፣ ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚመጣ ሆነበት። "ዛሬ ምን ነካቸው?" አለና ቁልፉን ትንሽ ገፋ። አሁንም አልጣመውም። እንደገና ገፋ። ከበሮው ሲደርቅበት ከበሮውን፣ ዘፋኟ ስትርቅበት ዘፋኟን ከፍ አደረገ። በመጨረሻ ድምፁ ልክ መጣለት፤ ጥርት ብሎ፣ ለስለስ ብሎ፣ ጆሮ ሳያምም። በዕድሜው እንዲህ ያለ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም። ዶክተሯ ብታይልኝ አለ በልቡ።

ከታች፣ በትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኩ ነበር። ሽማግሌዎች ወንበራቸውን ተሸክመው ወደ በረንዳው መውጣት ጀመሩ። አንዲት ሕፃን አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋ የሚታይ እንጂ የሚሰማ አይደለም። ልጁ ከግራው ስፒከር ሥር ትሪዋን ይዛ አንድ እጇን ታወዛውዝለታለች። ጋሽ ጆሮ ልቡ ተነካ። ልጄ ኮራችብኝ አለና እሱም እጁን አወዛወዘላት።

ልጅቷ ትሪዋን የሙሽራው አጎት ጭን ላይ አስቀምጣ መድረኩን ወጣች። እጇን ወደ አባቷ ጆሮ ሰደደችና ውታፉን መዘዘችው።

በዚያች ቅጽበት፣ ሜዳ በሆነው ጆሮው እንኳ፣ የሠራውን ሰማ። ሁሉንም ቁልፎች በአንድ እጁ ወደ ታች ጎተታቸው፤ አዳራሹም ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ምን ያህል እንደምትጮኽ አላወቀችም።

"አንተ ተደፍነህ እኛን ትደበድበናለህ እንዴ፣ አባባ?"

ሠርገኛው ሁሉ ሰማ። የሙሽራው አጎት ትሪው ጭኑ ላይ እንዳለ አጨበጨበላት።

የግራ ጆሮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደነበረ አልሆነም። ሐኪሟ ከተረገጠው ከፊሉ ተነሥቷል፣ ከፊሉ ግን አይነሣም አለች። ልጅቷ አዳራሹን ለቃ ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ገባች። አሁን ሰው ሲያናግራት ፊቷን ወደ ግራ መለስ አድርጋ በቀኟ ትሰማለች፤ የማያውቋት ኩራት ይሉታል። ለአባቷ ክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። እሱ ግን ብትሰድበው ይመርጥ ነበር፤ ስድብ ቢሆን አይሰማውም።

በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ተቀጠረች፤ ጠረጴዛዋ ከግራው ስፒከር ሥር ነው። ጋሽ ጆሮ ባለ አዳራሹ ዘንድ ገባና ቆሞ ተናገረ።

"ጋሼ፣ ቁልፉን ከእጄ ውሰዱልኝ። ደህና ጆሮ ያለው ሰው ይቁምበት። እኔ ገመድ ልጠቅልል፣ ወንበር ልደርድር።"

ባለ አዳራሹ ሳቀ። "ሰው እዚህ የሚመጣው በአንተ ድምፅ አይደል? ከመንገዱ ማዶ ስንሰማ ነው የመጣን ይሉኛል። ጆሮን ከቁልፉ ላይ አንሥቼ የት ላደርሰው ነው?"

"እኔ እኮ ደንቁሬያለሁ።"

"ታዲያ ማን ያውቃል?"

ከዚያ በኋላ ለቁልፉ የመጨረሻውን ከፍታ በፕላስተር አስምሮ ምልክት አደረገ፤ አዲሲቱን ልጅ ከስፒከሩ ሥር አቁሞ፣ ጆሮዋን ከሚያማት በታች በእሷ ፊት ለክቶ። በመጀመሪያው ዝግጅት ዘፋኟ "ድምፄ አይሰማም፤ ሞቼ ነው እንዴ?" አለች፤ ባለ አዳራሹ ራሱ መጥቶ ቁልፉን ከፕላስተሩ በላይ ገፋው፤ ፕላስተሩንም ልጦ ኪሱ ከተተ። ቁልፉን እንዲወስድለት ከበሮ መቺውን ለመነ፤ ከበሮ መቺው የምትቀልድ ነው የመሰለኝ አለው። ሚስቱን ለመናት፤ "ቁልፉን ወስጄ የት ላስቀምጠው? ቤት ውስጥ የቴሌቪዥኑ አንሶኝ ነው?" አለችው። ማንንም ሳይለምን ጥሎ መውጣት እንደሚችል ያውቅ ነበር። በየጠዋቱ እወጣለሁ እያለ በየቀኑ ገባ። ከእጄ ውሰዱልኝ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እጁን መክፈት ያቃተው ሰው ነው፤ እሱም ይህን ራሱ ተናግሮ ራሱ ይስቅበታል።

አሁን አስተናጋጆቹ ጠረጴዛ ሲያለብሱ፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ማይክራፎኑን የሚፈትነው እሱ ነው። ሌሎች ድምፅ አስተካካዮች አንድ፣ ሁለት እያሉ ይቆጥራሉ። ጋሽ ጆሮ ማይክራፎኑን ወደ አፉ ያስጠጋና፣ በአዳራሹ ስፒከሮች ሁሉ፣ እስከ መንገዱ ማዶ በሚሰማ ድምፅ፣ "ቁልፉን ከእጄ ውሰዱልኝ" ይላል። ልጆቹ ለምደውታል፤ ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ጨርቃቸውን ያነጥፋሉ። ባለ አዳራሹ ከቢሮው ሆኖ ይሰማና፣ ድምፁ ደህና ነው ይላል።