ሽማግሌ ወደ ፋብሪካ

«ቤርሼቫ ሄደሽ ምን ልትሆኚ ነው? ያው መጥረጊያሽን ይዘሽ ከተማ መቀየርሽ ነው» አለችኝ የጽዳት አለቃዬ ፊት ለፊት። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ «ነገ አልመጣም» ብያት ወጣሁ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ የሰው ቢሮ መጥረግ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የቀጠረኝ ቢሮው አይደለም፣ ካብላን ነው። ካብላን ማለት ሠራተኛ የሚያከራይ ደላላ ነው። ሥራሽ አንድ ቤት፣ አሠሪሽ ሌላ ቤት። ቋሚ እንዳትሆኚ ዓመት ሊሞላሽ ሲል «በቃሽ» ይልሻል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ከዜሮ። ሥራውን በተውኩበት ሳምንት አጎቴ አባባ ፈንታ ከቤርሼቫ ደውለው፣ «ዖሜር አጠገብ ያለው ፋብሪካ ሰው ሊጨምር ነው። ለሕክምና መሣሪያ የሚሆን ጥቃቅን ነገር ይገጥማሉ። ከተማችን ሥራ ይዛለች፤ ቶሎ ነይ!» አሉኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የፋብሪካው የራሱ ሠራተኛ መሆን። ለዚህ ነው የሄድኩት።

በባቡር

ባቡሩ ከቂርያት ጋት እንደወጣ የታጨደ የስንዴ ማሳ መጣ፤ ከዚያ የበደዊን ዐረቦች የቆርቆሮ ቤቶች፣ ፍየሎች፣ አቧራ። አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተኝታለች። እኔ ግን አንዴ ተነሥቼ አንዴ ቁጭ ስል መቀመጫው ሰለቸኝ። ከሩቅ የከተማዋ የግንባታ ክሬኖች ብቅ ሲሉ መቁጠር ጀምሬ በዝተውብኝ ተውኩት። በልጅነቴ ለሠርግ ስንመጣ ያየኋት ቤርሼቫ እንዲህ አልነበረችም!

ቤርሼቫ ወርጄ አውቶቡስ ተራው ጋ አይብ የተሞላ ትኩስ ቡሬካስ ገዛሁ። ሻጩ በዕብራይስጥ፣ «ከየት ነሽ?» አለኝ።

«ከቂርያት ጋት። ሥራ ፍለጋ።»

«እዚያ ሰው ቀርቷል ወይስ ሁላችሁም መጣችሁ?» ብሎ ሳቀ። «ድሮ ከሰዓት ዘግቼ እተኛ ነበር። አሁን ግንበኛው ሲሄድ ተማሪው ይመጣል፣ ተማሪው ሲሄድ ነርሷ። የወንድሜን ልጅ ቀጠርኩ፣ አሁንም አልደረስንም።» አንድ ቡሬካስ ጨመረልኝ። «ከተቀጠርሽ ትከፍይኛለሽ» አለ።

ሽኩና ቤት

አባባ ፈንታ የሚኖሩት ሽኩና ቤት የሚባል ሰፈር ነው፤ ከአውቶቡስ ተራው በእግር ይደረሳል። ስደርስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ጎረቤታቸው አባባ ዋሴም እንደዚያው ለብሰው ከዘራ ይዘዋል።

«አባባ፣ ለቅሶ አለ እንዴ?»

«ምን ለቅሶ! ወዳንቺ ጉዳይ ነዋ» አሉ አጎቴ። «ሥራ እንዲሁ ብድግ ተብሎ ይጠየቃል? ሽማግሌ ይላካል እንጂ።»

«ሽማግሌ ለጋብቻ ነው የሚላከው!»

«ቀኑን ሙሉ የምትውይበት ቤት ከባል ቤት በምን ያንሳል?» አሉ አባባ ዋሴ። «እኔ ሚስቴን እንኳ ያን ያህል አላያትም።»

የአጎቴ ልጅ በመስኮት ብቅ ብላ በዕብራይስጥ፣ «አባ፣ ቡሻ!» ብላ ጮኸች። ነውር ነው ማለቷ ነው። እኔም ከእሷ ጋር ተስማማሁ። «ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኩ። ማን ይስማኝ! ቀድመውኝ አውቶቡሱ ላይ ወጡ።

መንገዱ ላይ ግን ንዴቴ በረደ። በመስኮት የማየው ሁሉ አዲስ ነው። ሆስፒታሉ ይሰፋል፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ይቆፈራል፣ የመንገዱ አስፋልት ገና ይሸታል። አባባ ዋሴ አንዱን ፎቅ በከዘራቸው አሳዩኝ። «ያ ጉድጓድ ሳለ ዘበኛው እኔ ነበርሁ። እሱ ሲያድግ እኔን ጡረታ አወጣኝ።»

ፋብሪካው

ዖሜር ሀብታሞቹ የሚኖሩበት ነው፤ ፋብሪካው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ነው። መቀበያው ክፍል ውስጥ ሥራ ፈላጊዎች አግዳሚ ወንበሩን ሞልተውታል። የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊዋ ሲጋል ትባላለች፤ ሽማግሌዎቹን ስታይ ደንግጣ ወንበር አመጣች። «ሽቩ፣ ሽቩ» አለች፤ ተቀመጡ ማለት ነው።

«ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» አሉ አጎቴ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ተረጎምኩላት። ሳቀች። እነሱ አልሳቁም፤ ሳቋን አቆመች።

«ልጃችንን ለቤታችሁ ልንሰጥ መጣን» አሉ አጎቴ። «ትምህርቷን ጨርሳለች። እጇ ፈጣን ነው። ምላሷም ፈጣን ነው፣ አንደብቅም።»

የመጨረሻዋን አልተረጎምኳትም።

«በጣም ጥሩ! እሁድ ትጀምር፣ በካብላኑ በኩል» አለች ሲጋል። እዚህ አገር የሥራ ሳምንቱ የሚጀምረው እሁድ ነው።

የሰማሁት ሥራ መገኘቱን ብቻ ነው። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ለአዛውንቶቹ ስነግራቸው አባባ ዋሴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። «ልጃችንን ለቤቱ እንጂ ለደላላ አልሰጠንም።»

«አባባ፣ ተዉ እንጂ! ሥራው ሊያመልጠኝ ነው።»

«ያምልጥሽ! እኔ ስንት ዓመት በደላላ ሠራሁ፤ ዛሬ ማን ያውቀኛል? ዓመት ሊሞላሽ ሲል ከሚያመልጥሽ ዛሬ ያምልጥሽ።»

ወደ ሲጋል ዞርኩ። «እነሱም አይቀመጡም፣ እኔም በካብላን አልገባም። ፈትኚኝ» አልኳት።

«በቀጥታ የምንቀጥረው ጥቂት ሰው ነው። ፈተናው ከባድ ነው፣ ብዙው ሰው ይወድቃል።»

«ልውደቅ።»

ከወንበሮቹ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ አስቀመጠችኝ። ከሰሊጥ የሚያንሱ ቁርጥራጮችን በወረንጦ አንሥቶ፣ በማጉያ መነጽር እያዩ ቦታ ቦታቸው ማስቀመጥ ነው። መጀመሪያ ወረንጦውን ከልክ በላይ ጨመቅኩት። አንዷ ቁራጭ ተፈናጥራ ጠፋች። ቀና ስል አጎቴ እንደቆሙ ናቸው። አባባ ዋሴ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ቦታ ሲለቁላቸው በእጃቸው ይመልሳሉ። አጎንብሼ ቀጠልኩ። ሰውም ድምፅም ጠፋብኝ፤ እጄ ብቻ ቀረ። እንዴት ደስ ይላል!

ስጨርስ ሲጋል በማጉያው ብዙ አየች። «ይቺ ጠማማ ናት» አለች።

«አይቻታለሁ። ሌሎቹስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሌሎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። እሁድ ነይ፤ በቀጥታ፣ ሦስት ወር ሙከራ።»

«አባባ፣ ተሰጠን!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱም ተያዩ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እኩል፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አጎቴ ምርቃት ጀመሩ፤ ሲጋል በየመሃሉ ያለቦታው «አሜን» ትላለች።

አግዳሚው ላይ የነበረች አንዲት ከሩሲያ የመጣች ልጅ እጅጌዬን ሳበችኝ። «ለእኔም ይቆሙልኛል?» አለችኝ በዕብራይስጥ።

ለአዛውንቶቹ ነገርኳቸው። «የማን ልጅ ናት?» አሉ አባባ ዋሴ።

ጠየቅኳት። «የሰርጌይ።»

«የሰርጌይ ልጅ» አሉ ለአጎቴ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው እንደገና ተነሡ። አጎቴም ተነሡ። ሲጋል ወንበሩን ይዛ ቀረች።

እኔ ለእሁድ ዕቃዬን ከቂርያት ጋት ላመጣ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ሮጬ ወጣሁ።