ብርነሽ ሮክ ያሳየችው ሰው

ደብረ ታቦር ውስጥ ብርነሽን የማያውቅ ሰው ካለ እህል አስፈጭቶ አያውቅም ማለት ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለው ወፍጮ ቤት የእሷ ነው። ወፍጮው ማጓራት ሲጀምር ሌላው ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ እሷ ግን ራሷን እየነቀነቀች በእግሯ ምት ትመታለች። ለየላት ያሉ ነበሩ። ይበሉ! «ሰው ምን ይለኛል» የሚሉትን በሽታ ቤይሩት ጥላው መጥታለች።

ነገሩ የጀመረውም እዚያው ቤይሩት ነው። የምትሠራበት ቤት ማዳም የምትሳሳላት አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ የሮክ ባንድ ካላየሁ ብላ አስቸገረች፤ እናትየው ደግሞ ብርነሽን ጠባቂ አድርጋ «ከዓይንሽ እንዳትጠፋ» ብላ ላከቻት። የመጀመሪያውን ቀን ብርነሽ የልጅቷን ቦርሳ ታቅፋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ «ምነው እመብርሃን፣ ምን በደልኩሽ?» እያለች አሳለፈችው። በሁለተኛው ግን ከበሮው ሲመታ በጫማዋ ገብቶ ደረቷ ላይ ደረሰ። ስንት ጊዜ «እሺ ማዳም» ብቻ ሲል የኖረ አፏ ተከፈተና የቻለችውን ያህል ጮኸች። ማንም ዞሮ አላያትም፤ ሁሉም ይጮኻላ! እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር። በኋላማ ልጅቷ ሰልችቷት ወደ ቤት ስትል «አንድ ዘፈን ብቻ፣ በናትሽ!» እያለች የምትለምነው ጠባቂዋ ሆነች። ሥርዓቱንም ጠንቅቃ አወቀች፦ መዝለልም መጮህም ይቻላል፣ መድረክ ላይ ያለ ሰው ግን አይነካም።

አገሯ ገብታ ወፍጮ ከተከለች በኋላ ፋንታው መጣ። ፋንታው የእብናት የከብት ነጋዴ ነው። ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ የታረመ፣ ሠርግ ቤት ማሲንቆ ከሰማ ደግሞ ኪሱ የማያስችለው ሰው፤ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ሳይለጥፍ አይቀመጥም። ጤፍ ሊያስፈጭ መጥቶ ብርነሽን አየ፤ ጤፉ ሳያልቅ ሽማግሌ ላከ። እሷም አልጠላችው። ወዳዋለች ብንል ይቀለናል።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ መሪጌታ ገብረእግዚአብሔር ነበሩ።

«ልጄ፣ ሰውየው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ሮክ የምትይውን ጩኸት ትተወው ነው የሚል። ራስሽን ስትነቀንቂ ቢያይሽ ጊዜ ዛር ያለብሽ መስሎት ደንግጧል።»

«የኔታ፣ አይቶት ያውቃል እሱ?»

«ኧረ ከየት አይቶ!»

«ማን ያውራ የነበረ፣ ይባል የለ? ቅዳሜ ከሰዓት ከአዲስ አበባ የሮክ ባንድ ይመጣል። አብሮኝ ይግባና በዓይኑ ይየው። አይቶ የሚለውን ልስማና መልሴን እሰጣችኋለሁ።»

«ሙሽራዋ ባሏን ስትፈትን ዘንድሮ አየን!» አሉ መሪጌታው፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው። ብርነሽ ግን እንደ አነጋገሯ አልቀለላትም። ተይው ቢላት እንደማትተወው ታውቃለች፤ እሱንም ማጣት አልፈለገችም።

ቅዳሜ ዕለት ፋንታው ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ። ዱላውን አዳራሹ በር ላይ ተቀበሉት፤ ቅር ቢለውም ገባ። አዳራሹን የሞሉት አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ከመድረኩ ሥር፣ እፊት ለፊት ቆሙ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲፈነዳ የፋንታው እጅ ዱላውን ፍለጋ ሄደ፤ ዱላ የለም።

«ብርነሽ፣ ያ ልጅ ምን ሆነ?»

«ዘፋኙ ነው።»

«ታዲያ ማን ምን አርጎት ነው የሚጮኸው?»

«ዝም ብለህ ስማ!» አለችና ፀጉሯን ፈትታ መዝለል ጀመረች። እያየችው ብትዘል ልቧ ስለሚሰጋ አላየችውም።

ከዚያ ለስለስ ያለ ዘፈን መጣ። ጊታረኛው ዓይኑን ጨፍኖ አንዲቷን ክር እየሳበ ያስለቅሳት ጀመር። ፋንታው ቀና አለ። ይህንንስ ያውቀዋል! ክር እንዲህ አንጀት ሲበላ ሰምቶ እጁን አጣጥፎ የሚቆም የእብናት ሰው አልተወለደም። «ይበል! ይበል!» አለ። ብርነሽ የካፖርቱን ጫፍ ሳትይዘው መድረኩ ላይ ወጥቷል። ድፍን ብር አወጣ፣ በምራቁ አረጠበና የጊታረኛው ግንባር ላይ ልጥፍ!

ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ካፖርት የለበሰ ሰው ፊቱ ተገትሯል። ደንግጦ ሲያፈገፍግ ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው የሚያገናኘው ሽቦ ተነቀለ፤ ሙዚቃው ቀጥ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት አስተናባሪዎች ሮጠው ፋንታውን ግራና ቀኝ ያዙት።

«ሸለምኩት እንጂ ሰደብኩት እንዴ?» አለ ግራ ገብቶት።

ብርነሽ ፊቷ እሳት ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው ሥርዓት! ከጎኗ አንዱ በስልኩ እየቀረጸ «ይሄ ባላገር ከየት መጣ?» ይላል። አገሯ ከገባች ወዲህ ሰው ምን ይለኛል ብላ የፈራችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንገቷን ብትደፋ ማንም ከሷ ጋር መምጣቱን አያውቅም። ፋንታው ከላይ ሆኖ በዓይኑ ፈልጎ አገኛት። አፍራለች። ያንን አየና ፊቱን ቶሎ አዞረ።

«ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» አለው አንደኛው አስተናባሪ።

«ብቻዬን ነኝ» አለ ፋንታው።

ብርነሽ ይቺን ስትሰማ ወደ መድረኩ ተጠጋች።

«ውሸቱን ነው!» ብላ ጮኸች። «የኔ ነው! ሰውዬው የኔ ነው፣ ልቀቁት!»

ሙዚቃ በሌለበት ወፍጮ የለመደ ድምፅ ምን ይሰውረዋል! አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ቀለጠ። አስተናባሪዎቹም ለቀቁት። ጊታረኛው የወደቀውን ብር ከመሬት አነሣ፣ እየሳቀ ራሱ ግንባሩ ላይ መልሶ ለጠፈው፣ ሽቦውን ሰካና ካቆመበት ቀጠለ። ብርነሽ ፋንታውን ክንዱን ይዛ ከመድረክ አወረደችው፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም አልለቀቀችው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ብርነሽ ጉሮሮዋን ጠርጋ «መልሴ እንግዲህ…» ስትል መሪጌታ ገብረእግዚአብሔር እጃቸውን አነሡ።

«ተይው ልጄ፣ መልስሽን ከተማው ሁሉ ነግሮናል። የመጣነው የሠርጉን ቀን ልንቆርጥ ነው።»

«እሱስ የኔታ? ስለ ጩኸቱ ምን አለ?»

መሪጌታው ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው አዩና ሳቃቸውን ዋጡ።

«ከእንግዲህ ያለኔ ብቻዋን እንዳትሄድ ብሏል።»