የጠቆረው አምፖል

ነገሩ ሁሉ ያስከፈለኝ አንዲት በግ ከነግልገሏ ነው። ዛሬም አቧራ የያዘ ዕቃ ሲሞቅ ያ ሽታ ይመጣብኝና ሁለቱም ፊቴ ድቅን ይላሉ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት እናቴ ቢቸና ውስጥ ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻት፤ ማምሻውን የከተማው ጀኔሬተር ሲነሳ አባቴ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ይከፍተው ነበር። ሬዲዮው ግን ወዲያው አይናገርም፤ በውስጡ ያሉት የብርጭቆ አምፖሎች ቀስ ብለው ቀልተው፣ አቧራው ሸትቶ፣ ድምፁ እስኪመጣ ድረስ ደንበኛው አንድ ሻይ ይጨርስና ሌላ ያዝዝ ነበር። እናቴ በዚህ አትከፋም ነበር።

ለፋሲካ ቤቱ ሲጸዳ አምፖሎቹንም አልማረቻቸውም፤ አንድ በአንድ ነቅላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ፈትጋ፣ መልሳ ሰካቻቸው። አብረቀረቁ፤ ላያቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ከጨርቁ ጋር ሄደ። ክረምት ሲገባ አንዱ ሞተና ሬዲዮው ዝም አለ፤ ምትክ ለመግዛት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው።

ዝናቡ በበረታ ቁጥር ደንበኞቻችን ቴፕ ወዳለው ጎረቤት ይሻገሩ ጀመር፤ አባቴም «መስከረም ሲጠባ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እወርዳለሁ» ማለት አበዛ። ወርደው ያልተመለሱ ሰዎች ስለማውቅ፣ አምፖሉ እንዲገዛ በጌ ትሸጥ አልኩ።

ከእናቴ ጋር የሞተውን አምፖል በጥጥ ጠቅልለን በግንደወይን በኩል ሞጣ ሄድን። አሮጌ ሬዲዮ እየፈቱ የሚሸጡት ጋሽ ይስማው የአምፖሉን የሽቦ እግሮች ቆጥረው፣ ወደ ብርሃን አንስተው ውስጡን አይተው፣ ከሳጥናቸው ሁለት አምሳያ አወጡ። የአንዱ አናት እንደ ጠቆረ መስተዋት ነበር፤ የሌላው እንደ ወተት ነጭ። ቀን መብራት ስለሌለ ሞክሮ መግዛት የሚባል ነገር አልነበረም።

«ምረጪ፣ እህት ዓለም።»

«የተቃጠለ ምን ያደርግልኛል? ንጹሑን ይስጡኝ» አለች እናቴ።

ቤት ስንደርስ ንጹሑ ትንፍሽ አላለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ ማጭዱን ስሎ ስንቁን አሰናዳ። እኛ ግልገሏን ሸጠን ሞጣ ተመለስን።

«የሞተ ሸጡልኝ» አለቻቸው።

«ሸጥኩ እንጂ መቼ መረጥኩ?»

«ታዲያ አይነግሩኝም ነበር?»

«መች ጠየቅሽኝ? ያ ጥላሸት የመሰለሽ ጤናው ነው። ነጭ የሆነው አየር ገብቶበት የሞተ ነው።»

እናቴ ሳትስቅ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የቆሸሸ እገዛለሁ» ብላ የጠቆረውን አነሳች።

አባቴ በማግስቱ ሊሄድ ነበር። ማምሻውን ሰካነው፤ አምፖሉ ቀላ፣ አቧራው ሸተተ፣ ድምፅ መጣ። አባቴ የታሰረውን ስንቅ ፈትቶ ሻይ አዘዘ።

«እንደ ደንበኛ ከሆነ ትከፍላለህ» አለችው።

ዛሬ ሞጣ ውስጥ ድምፅ ማጉያ እሸጣለሁ። የዘንድሮ ዕቃ እንደተሰካ ይጮኻል፣ ሁለተኛ ሻይ አያስጠብቅም። ገዢው ግን ያው ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ያነሳል፣ እኔም ሳይጠይቀኝ ጉድለቱን እነግረዋለሁ። ከደግነት አይደለም፤ እናቴን የመሰለች ሴት ተመልሳ እንዳትመጣብኝ ነው።

ሂሳቡ ይኸው፦ በግ አንድ፣ ግልገል አንድ። አባቴ ሁመራ አልወረደም።