ለስፒከሮቼ ስል የዋሸሁት

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ እንዳልል። ይህን ነገር ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልናገር። ብትንቁኝ አይከፋኝም፤ ያን ጊዜ የነበርኩትን ሴትዮ ቀድሜያችሁ ንቄያታለሁ።

የምኖረው ዙሪክ ነው፣ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ። ያን ጊዜ የስፒከር በሽታ ያዘኝ። ትራም ላይ ተቀምጬ ስለ አምፕሊፋየር ሳነብ፣ ቪዲዮ ሳይ፣ ራሴን በራሴ አስተምሬ ሊቅ ሆንኩላችሁ። ደረቴ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ገዛሁ። እንደ ክንዴ የወፈረ ገመድ ገዛሁ። ገመዱ ወለል ከነካ ድምፁ ይበላሻል ሲሉኝ ደግሞ፣ ስቄ በመተው ፈንታ፣ የሚንተራሰው የእንጨት ትራስ ገዛሁለት። ለገመድ ትራስ! ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።

ሙዚቃ ወድጄ ነበር? የት ወድጄ! አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አልሰማም ነበር። ግማሹ ላይ አቋርጬ ቤቴ የመጡትን ሰዎች «አሁን የከበሮው ቆዳ ተሰማችሁ?» እላለሁ። ማንም ምንም አልሰማም። እኔም አልሰማሁም። ግን ሁላችንም፣ ምሥጢር እንደተገለጠልን ሁሉ፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ያሳደገችኝ አክስቴ ጽጌ ጄኔቭ፣ ሊኞን የሚባለው ሰፈር ነው የምትኖረው። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን መዋል ከበዳትና «ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ» አልኳት። ደስ አላት። ቤቷን ልትለቅ እንደሆነ ለአከራዮቿ ተናግራ፣ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ጽጌ ሙዚቃ የምትሰማው ስልኳን ባዶ ድስት ውስጥ አቁማ ነው። ድስቱ ያጎላላታል። ሽንኩርት እየከተፈች ታዜማለች፤ ዘፈኑ ሲደምቅ ቢላዋውን አስቀምጣ ታጨበጭባለች፣ ትከሻዋን ትሰብቃለች። የማውቀውን ዘፈን ሁሉ ያወቅኩት ከእሷ አፍ ነው። ያን ድስት ሳይ ታዲያ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? አፈርኩባት።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ባሌ ሥራ ገብቶ ሳለ፣ እዚያው ዙሪክ የሚኖሩ ወዳጆቼን ጠራሁ። ሶፋው ላይ በመደዳ አስቀመጥኳቸውና «ድምፁ የሚገጥመው እዚህ ጋ ነው፤ አትንቀሳቀሱ» አልኳቸው። ባሱን ደረታቸውን እስኪመታው ለቀቅኩት። ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቀው ተቀመጡ። ጽጌ ብቻ ማጨብጨብ ጀመረች።

«አክስቴ፣ እባክሽ! ጭብጨባው ድምፁን ያበላሸዋል።»

«ምነው ልጄ፣ የሰርግ ዘፈን እኮ ነው፤ ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው!»

እንግዶቼ በሳቅ ፈነዱ። ፊቴ ጋለ።

የበሩ ደወል የጮኸው ይህን ጊዜ ነው፤ ዘፈኑን አቁሜ ከፈትኩ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ነበረች። በዚህ አገር እሑድ ማለት ጸጥታ ነው፤ ባዶ ጠርሙስ እንኳን ወስዶ መጣል አይቻልም። ሰሞኑን እሑድ በመጣ ቁጥር ጣሪያዋ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደክሟት ነበር።

ምን ማለት ነበረብኝ? «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ።» ይኸው ነው። እኔ ግን በጀርመንኛ «አክስቴ ናት» አልኳት። «ጆሮዋ አይሰማም። ዞር ስል ድምፁን ትጨምረዋለች። ምን ላድርግ፣ አሮጊት ናት።»

ጽጌ ከአማርኛ ሌላ የምታውቀው ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። ምን እንዳልኩ አይገባትም ብዬ ተማምኜ ነው የዋሸሁት፤ ፊቷ ቆሜ፣ ፈገግ እያለችልኝ። እንግዶቼ ጀርመንኛውን ይሰማሉ፤ አጎንብሰው ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። እነሱንም ንቄያቸዋለሁ። ግን ከእኔ አይብሱም።

የዙሪክ ሰው ፈረንሳይኛን ተማሪ ቤት እንደሚማር እንዴት ጠፋኝ? ጽጌና ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ሲገናኙ «ቦንዡር» እንደሚባባሉስ? ጎረቤቴ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ጽጌን በፈረንሳይኛ ታናግራት ጀመር። ቀስ እያለች፣ ጮክ ብላ፣ ጆሮዋን እየነካካች፣ ልክ የማይሰማ ሰው እንደሚያናግሩት፣ በደግነት።

የጽጌ ፈገግታ ጠፋ። አየችኝ። ከዚያ እሷም ጆሮዋን ነካች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች። እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ ምን እንዳለቻት ጎረቤቴ የነገረችኝ በኋላ፣ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስንገናኝ ነው። «አዎ፣ እመቤቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄን አትቆጪብኝ» ብላት ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? በሩን ዘጋሁና ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠልኩት።

ሰው ቤቱ ተቀምጦ በሙዚቃ ለመደሰት ውድ ዕቃ ያስፈልገዋል ወይ ብትሉኝ፣ አያስፈልገውም። በዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል በሙዚቃው የተደሰተ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔ ዝም አሰኘሁት። ግን በዕቃው አላሳብብም። ስፒከር አይዋሽም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያሳደገችኝን ሴት ለታይታ ብዬ የሸጥኳት እኔ ነኝ። ደንግጬ ነው አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ጽጌ በማግስቱ ጠዋት በባቡር ጄኔቭ ተመለሰች። ለአከራዮቿ ደውላ ቤቱን እንደማትለቅ ነገረቻቸው። ዘመድ ሁሉ «ምነው ተመለስሽ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «የዙሪክ ብርድ ለጉልበቴ አልተስማማውም» አለች።