ቀስ ብሎ የሚያወርድ ቫልቭ

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋለች በኋላ ጊዮርጊስን መሳለም አቆመች። ቤታችን ከቤተክርስቲያኑ ሩቅ አይደለም፤ ዳገቱ ግን ለወንበሩ አይመችም። እኔና ወንድሜ አቅፈን አሮጌው ሚኒባሳችን ውስጥ ልናስገባት ሞከርን። ሰው ፊት መሸከሙን ጠላችው። ጆንያ አይደለሁም አለችና ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች።

እሷን ማንሳት ካልተቻለ መኪናውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል ብዬ አሰብኩ። ሥራዬ ብየዳ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን የኋላ ባሌስትራ አውጥቼ በምትኩ አየር የሚሞሉ ሁለት የጎማ ከረጢቶች ገጠምኩ። ቁልፍ ሲጫኑ አየሩ ይወጣል፣ የመኪናው ኋላ ወደ መሬት ይጠጋል፣ እሷም በወንበሯ እንደተቀመጠች ትገባለች። አየሩን የሚለቀውና የሚይዘው ቫልቭ ነው። እሱን ግን ብዙም ሳላስብበት፣ የሚያብለጨልጭና ዋጋው የማይከብድ ገዛሁ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ጊዮርጊስ ስንሄድ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት በር ላይ አቁሜ ኬክ ልገዛላት ገባሁ። ስመለስ መኪናው በግራ በኩል ቁጭ ብሏል። እናቴ ወንበሯ በቀበቶ ታስሮ፣ በሁለት እጇ የመስኮቱን ጠርዝ ይዛለች።

"ጸሎቱን ሳልጀምር መኪናህ ሰገደች" አለችኝ።

ሳቅኩላት፤ አየሩን መልሼ ሞልቼ ወደ ቤት ወሰድኳት። እቤት ስንደርስ ዳግመኛ እንደማትገባበት በእርጋታ ነገረችኝ።

ሠራተኛ ሰፈር ዕድሜያቸውን ሙሉ የትልልቅ አውቶቡሶችን የአየር ፍሬን ሲጠግኑ የኖሩ ጡረተኛ መካኒክ አሉ። ቫልቩን ፈትቼ ወሰድኩላቸው። ከፍተው በጣታቸው ውስጡን ዳሰሱት። አየሩን የሚዘጋው ጎማ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ አየሩ ከሚጠራቀምበት የብረት ጋን የመጣ የዝገት ብናኝና ውሃ አላስገጥም ብሎታል። ሰው ቫልቭ ሲገዛ እንዴት እንደሚከፍት ብቻ ያያል፣ ዋናው ግን አዘጋጉ ነው አሉኝ። ከጋኑ ቀጥሎ ውሃውን የሚያስቀር ማጣሪያ እንዳስገባም መከሩኝ።

በማግስቱ አብረውኝ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረዱ። አካሉ ነሐስ የሆነ፣ የመኪናው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ራሱ የሚዘጋ፣ ጎማው ለብቻው የሚገኝ ቫልቭ ይፈልጉ ነበር። ሁለት ሱቅ አልፈን ሦስተኛው ጋ ባለሱቁ ኮምፕሬሰርና ባልዲ ውሃ አቀረበልን። እሳቸው እያንዳንዱን ቫልቭ አየር እየሞሉ ውሃ ውስጥ ይነክሩና ያፈስ እንደሆነ ያያሉ። ከካርቶኑ ያወጣነው አዲስ ቫልቭ አረፋ አወጣ። ባለሱቁ አፍሮ ወደ ጎን አደረገው።

በመጨረሻ ሁለት ዓይነት ቀሩ፤ አንዱ ቀዳዳው ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ። ሁለቱም አያፈሱም። እኔ ሰፊውን አነሳሁ። መኪና በአንዴ ዘጭ ሲል ወጣቶቹ እንዴት ቆመው እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ አልዋሽም፣ እኔንም ያምረኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ቶሎ ያወርዳል" አልኳቸው።

ከእጄ አልነጠቁኝም። "ልጄ፣ የምታወርደው እናትህን ነው ወይስ ለመንገደኛው ልታሳይ ነው?" አሉኝ።

መልሼ አስቀመጥኩት። ጠባቡን ለሁለቱም ከረጢቶች ገዛሁ፤ መለዋወጫ ጎማም ጨመርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቫልቮቹንና ማጣሪያውን ገጥሜ ስጨርስ መኪናውን ግድግዳ አጠገብ አቁሜ ከፍታውን በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። እሑድ ጠዋት ሄጄ ሳየው ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። እናቴ ግን በእኔ ቃል አላመነችም። ሽማግሌው ራሳቸው መጥተው እንዲነግሯት ጠየቀች። መጡ፤ ሻይ ጠጡና እሳቸው ራሳቸው መጀመሪያ ኋላ ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ነጠላዬን አምጡልኝ አለች።

ጊዮርጊስ በር ላይ ቁልፉን ስጫን መኪናው እየተነፈሰ ዝግ ብሎ ወረደ። ማንም ዞር ብሎ አላየም። እናቴ መንኮራኩሮቹን በራሷ እጅ እየገፋች ወጣች፤ ወንድሜ ሊረዳት ሲጠጋ በአገጯ መለሰችው። ከአጥሩ ሥር ቆማ፣ ማለቴ ወንበሯን አቁማ፣ ለረጅም ጊዜ ተሳለመች። ሽማግሌውና እኔ መኪናው ጋ ቀረን። እሳቸው ጎንበስ ብለው ቱቦዎቹን እያዳመጡ ነበር፤ እኔ ግን እሷን ነበር የማየው።