በናፍጣ የታጠቡ ጎረቤቶች

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት የናፍጣ ሽታ ተቀበለኝ። መካኒክነት የምትማረው ልጄ ማኅሌት እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከአንድ ጎረቤት መኪና የፈታቻቸውን ስምንት ቫልቮች በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ውስጥ ትፈትጋለች። ሳታስፈቅደኝ ሳፋዬን በማቆሸሿ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ሽታው ግን ቀድሞ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደና ቁጣዬ መንገድ ላይ ቀረ።

አሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ቁስቋም፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው ጠባብ መንገድ ዳር ሲሆን፣ አባቴ የሰው ጭነት መኪና ይዞ አዲ አርቃይ ይመላለስ ነበር። መኪናው ጉልበቱ ደክሞ ዳገት አልወጣ ሲል፣ ባለቤቱ እስከ ሰኞ ካልተሠራ ለሌላ ሹፌር እንደሚሰጠው ቁርጡን ነገረው። የጋራዡ ወረፋ ደግሞ የሚደርስ አልነበረም፤ ስለዚህ አባቴ ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ ራሱ ፈታው፣ ጥቀርሻ የጠገቡትን ቫልቮች ማጽዳቱንም ለእኔ ሰጠኝ።

በናፍጣ ዘፍዝፌ፣ በቢላዋ ጀርባ ፍቄ፣ በሽቦ ብሩሽ ስፈትግ ዋልኩ። እንዳይሰለቸኝ ብዬ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር የሚኖሩትን ስምንት ጎረቤቶች ስም በቤታቸው ተራ ለስምንቱ ቫልቮች አወጣሁላቸው። ጠርዙ የተሸረፈው ቫልቭ ጥርሱ የወለቀው አያ ካሴ ሆነ፤ አንገቷ ላይ ጭረት ያለባት ደግሞ ንቅሳታሟ እትዬ ብርቄ። መሃል ላይ የሚውሉት ሁለቱ ምንም የሚለያቸው ምልክት ስላልነበራቸው፣ ግድግዳ የሚጋሩት መንትያ እህትማማቾች ተባሉ። አባቴ ያጸዳኋቸውን እየተቀበለ፣ ዶሮ እንዳይነካካቸው፣ ሳሎን መደቡ ላይ በተራ ደረደራቸው። እያንዳንዱ ቫልቭ ከራሱ መቀመጫ ጋር አብሮ ስላረጀ፣ ቦታቸው ቢለዋወጥ ሞተሩ ትንፋሹን መያዝ አይችልም።

በማግስቱ አባቴ ወደ አራዳ ገበያ እንደወጣ የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ መጡ። እናቴ ካህን የሚቀመጥበት መደብ በብረት መያዙን ስታይ ክው አለችና ሁሉንም አፍሳ እንቅብ ውስጥ ጨመረቻቸው። አባም ተቀምጠው፣ ጸልየው፣ ቤቱን ሲረጩ እንቅቡን አልረሱትም።

«ምነው፣ ብረቶቹስ?» አለ አባቴ ሲመለስ።

«ታዲያ አባ ብረት ላይ ይቀመጡ ኖሯል?» አለች እናቴ። ያጠፋችውን ሲያስረዳት ግን እዚያው መደብ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንጀራችን በእጇ የወደቀ መሰላት። አባቴ አልተቆጣም፤ እንዳይዝጉ በዘይት ጨርቅ ይጠርጋቸው ጀመር፤ ጸበል መጥረጉ እንዳስጨነቀው ግን በየመሃሉ ከማማተቡ ያስታውቅ ነበር።

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አልኩ። በልቤ ከደጃችን ተነስቼ መንገዱን እየወጣሁ፣ በየበሩ እየቆምኩ ደረደርኳቸው። አባቴ ገጣጠማቸውና የሚያፈስ እንዳለ ለማየት በየቀዳዳው ቤንዚን ጨመረ፤ ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ስድስቱ ጠብ አላደረጉም። የመንትያዎቹ ግን አንጠባጠበ፤ የእናቴም ፊት አብሮ ወረደ። አባቴ ሁለቱን አውጥቶ እጄ ላይ አኖራቸው፤ ቦታ አለዋወጥኳቸው፤ ጠብታው ቆመ።

«ሸጋ!» አለ፤ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰኞ ማለዳ መኪናው ከነአባቴ አዲ አርቃይ ወረደ።

ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም። በአያ ካሴ ደጅ የብረት በር ቆሟል፤ መንትያዎቹ በአንድ ዓመት ተከታትለው ሄዱ፣ ግድግዳቸውም ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። ከስምንቱ ቤት አንድም የማውቀው ሰው አልቀረም። ሁሉንም በጊዜ ላይ እንዳላላክክ ደግሞ፣ እኔም በሬን ዘግቼ መግባት ከጀመርኩ ቆየሁ። ይህ ይቆጨኛል።

ታሪኩን ለማኅሌት ነገርኳትና ቫልቮቿን በአሁኖቹ ጎረቤቶች ስም እንደርድር አልኩ። ሦስተኛውን ግን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰውየውን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ስሙን ግን ጠይቄው አላውቅም።

«እማዬ! ይትባረክ ነው እኮ፣ ባለ መኪናው!» አለች ልጄ እየሳቀች፤ ከዚያም በናፍጣ በጠቆሩ ጣቶቿ ቀሪዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በስማቸው ጠርታ ደረደረቻቸው።